የኢልሀም አንገትጌ

ሪሃና የልጇ አንገት መቅላቱን ያየችው የኢድ እንግዶች ከሄዱ፣ ጥፊውም ካረፈ በኋላ ነበር። በገዛ እጇ የሰፋችው ቀሚስ፣ በሙካሽ ጥልፍ የደመቀው አንገትጌ፣ የኢልሀምን ቆዳ እንደ ሳማ ሲለበልበው ውሏል። ኢልሀም ሰባት ዓመቷ ነው፤ አፏን አልፈታችም። ስለዚህ በጩኸት ተናገረች፤ እናቷ ደግሞ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብላ መታቻት።

የሪሃና አማት እማማ መርየም ነገሩን በጂን ደመደሙት። ራቅ ካለ አገር አንድ ፈዋሽ አለ፣ እስክትድን በሰንሰለት አስሮ ያቆያታል፣ ነገ ማለዳ ከዚሁ ከወገዳ በሚነሳው መኪና ትሂድ አሉ። ወትሮም ይሉት የነበረ ነው። ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የምታስበው ሪሃና፣ አንድ ቀን ደንብራ ገደል ገብታ ከምትቀርብኝ ብላ ዛሬ እሺ አለች። ጓዙ ተቋጠረ።

አመሻሽ ላይ በትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህርት የሆነችው አዜብ ሪሃና እንድታሳጥርላት የሰጠቻትን ጉርድ ልትወስድ ብቅ አለች። ጓዙን አይታ ጠየቀች፤ ሲነግሯት ቁጭ አለች። ኦቲዝም የሚባል አፈጣጠር እንዳለ፣ እርግማንም ልክፍትም እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ድምፅና ንክኪ ከሌላው ይልቅ ሊበረታ እንደሚችል በትህትና አስረዳች፤ ትምህርት ቤት ላኩልኝ፣ እኔ አስተምራታለሁም አለች።

«ትምህርት ቤት ደግሞ ጂን በጠመኔ ያስወጣል?» አሉ መርየም።

«እማማ፣ ዱዓዎን አይተዉ። ሰንሰለቱን ግን ይተዉት። ሰንሰለት አፍ አይፈታም።»

ሪሃና ግን፣ ልጆች ይስቁባታል፣ ደወል ሰምታ ትበራለች አለች። አዜብ አልካደችም፤ ሊስቁ ይችላሉ፣ ደወሉ ሲደወል ግን እኔ አጠገቧ ነኝ፣ የምትፈልገውንም በሥዕል ማሳየት ትለምዳለች አለቻት። ከዚያ የኢልሀምን የቀላ አንገት አይታ፣ የወለቀውን ቀሚስ አንስታ ለመርየም አቀበለች።

«እስኪ አንገትዎ ላይ ይሞክሩት።»

መርየም አንገታቸው ላይ አሹት።

«ልጅ ሳለሁ የሱፍ ባና አልለብስም ብዬ አባቴ ገርፎኛል» አሉ። «ያሳክከኝ ነበር። አፍ እያለኝ እንኳ ያመነኝ የለም።»

ሪሃና አቀርቅራ አለቀሰች። ከመምታት በፊት ምን ነካት ብሎ መመርመር ልጅንም እናትንም ያድናል፤ የሚያውቅ ሰው ማማከርም ቤትን ከእፍረት ያወጣል። ያለፉትን የጥፊ ዓመታት ግን ማን ይመልሳል?

መርየም ጓዙን ፈቱት። አዜብ እንደወጣች የማለዳው መኪና ሾፌር ሞላ፣ የነገውን ቦታ ልያዝላችሁ ወይ ሊል ደጃፍ ቆመ።

«ከዚህ ቤት የሚሄድ የለም» አሉት መርየም፤ በሩንም ዘግተው ቆለፉት።