«አንተ ጭራሮ»

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያ የፍቅር ልብ ወለዴን በኮምፒውተር ጻፉልኝ። የእጅ ጽሑፉን ያደረሰችላቸው ባለቤቴ ነበረች። እሷ በወሊድ ካረፈች በኋላ፣ የሦስት ወር ልጄን አቅፌ እርማት ስጀምር፣ ባለታሪኳ ፍቅረኛዋን «የኔ ጌታ» እንድትለው የጻፍኩት በየገጹ «አንተ ጭራሮ» ሆኖ አገኘሁት። በቅጥነቴ ጭራሮ የምትለኝ ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ ያውም በር ዘግታ። ምን ያህል ቢቀራረቡ ነው ይህን የነገረቻቸው? ሳብሰለስል ሰነበትኩና ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ቃል ከየት አመጡት?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ለካ ጭራሮው አንተ ነህ! ጽሑፍህ እኮ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስል። እዚህ ቁጭ ብላ እያነበበች ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ‹የኔ ጌታ› ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። ‹ጋሼ፣ እንዲህ የምትል ሴት የት አለች? ጭራሮ ይበሉልኝ፤ ሲያርም ያገኘዋል› አለችኝ።»

ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጥኩት። የተቆጣሁ መስሏቸው «ልመልሰው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ» አልኳቸው፤ «መጨረሻው ገጽ ላይ አንዷ ‹የኔ ጌታ› አምልጣችኋለች። እሷንም ያርሙልኝ።»