ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ

በደርግ የመጨረሻ ዓመት፣ ከወንጂ ወደ ናዝሬት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለው ወጣት ደብዳቤ ሰጡት።

«እስቲ አንብብልኝ የኔ ልጅ። ልጄ ውጭ አገር፣ ሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጽሑፍ አምጥቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ይሠራል። ሲያሻሽለው ቁጥር ይጨምርለታል። አንድ ሲሞላ እመጣለሁ ብሎኛል።»

«ባለፈው ስንት ደርሶ ነበር?»

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።»

«አሁን... ዜሮ ነጥብ አስር ይላል።»

«አስር? አንድን አልፎታላ! መቼ እመጣለሁ ይላል?»

«ቀኑን አልጻፈም፣ እማማ።»

«ተነስቶ ይሆናላ! መንገድ ላይ ሆኖ እንዴት ይጽፋል?»

«ይሆናል፣ እማማ።»

«ወንድሙን ለውትድርና ከወሰዱብኝ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ዛሬውኑ አልጋውን አነጥፋለሁ።»

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ዜሮ ነጥብ አስር ገና አንድ እንዳልሞላ እያወቅኩ፣ እስከ ናዝሬት መናኸሪያ ድረስ በመስኮት ሸንኮራ አገዳውን ሳይ ሄድኩ።