የጎተራው ኮፋኖ

በንጉሡ ዘመን ነው። ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ አውቶብስ ተሳፍሬ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ መካኒክና አንዲት የገጠር እናት ሲጨዋወቱ ሰማሁ።

«ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጭነት መኪና ነው፣ እማማ። ሞተሩን አስነሳሁት! አሁን የቀረኝ ኮፋኖው ብቻ ነው።»

«ኮፋኖ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሞተሩ ክዳን። የሌላ መኪና ሞከርኩ፤ የራሱ ካልሆነ አይገጥምም።»

«አረንጓዴ ነው?»

«አዎ! እንዴት አወቁ?»

«ባለቤቴ ከገደል ሥር አምጥቶልኝ የገብስ ጎተራዬን ከድኜበታለሁ። ውስጡ ቁጥር አለው፤ ልጄ ሲያነበው በአርባ አንድ ያልቃል ብሎኛል።»

«በአርባ አንድ? የሻንሲውም ቁጥር በአርባ አንድ ነው የሚያልቀው! የራሱ ነው፣ እማማ! አራት ዓመት ፈለግሁት እኮ!»

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው።»

«ይስጡኝ፤ ለጎተራዎ አዲስ ክዳን በቆርቆሮ እሠራልዎታለሁ።»

«እሱስ ደግ። መኪናው ሲነሳ ግን ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት፣ በእመብርሃን! ቤትዎ የት ነው?»

«አሁን ያለፍነው መንደር ነዋ።»

«ወራጅ አለ! ሹፌር፣ ወራጅ አለ!»

ትኬቴ እስከ ደብረ ታቦር ቢሆንም፣ እኔም ኮፋኖውን ለማየት ከኋላቸው ወረድኩ።