ከአጥር ማዶ የለመለመው ማንጎ

ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ለሥራ ወደ ሐሙሲት ለመሄድ ዓባይ ማዶ ላይ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከጎኔ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የማንጎ ቅርንጫፍ አስቀምጠዋል። ፌስታሉ ተቀዶ ስለነበር ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ ላያቸው ላይ ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ። እኔ የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የታመመ ቅጠል አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

"አባቴ፣ ይህን ቅርንጫፍ ወዴት ይወስዱታል?" ብዬ ጠየቅሁ።

ቀና ብለው አዩኝና "ሐሙሲት ወዳለ አዋቂ ሰው" አሉ።

ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ማንነታቸውን ነገሩኝ። አምሐ ይባላሉ፤ የቅኔ መምህር ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሐይቁ ዳር ከአባታቸው የወረሷቸው አሥራ አራት የማንጎ ዛፎች አሏቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቅጠሉ እየነጣ ይረግፋል፤ ፍሬውም ሐምራዊ ጠባሳ እያወጣ ሳይበስል ይወድቃል።

"ምን ነክቶት ይመስልዎታል?" አልሁ።

"ተደርጎበት ነው።"

"ማን ያደርግበታል?"

የኔታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሌላው ተሳፋሪ ይሰማ እንደሆነ ዘወር ብለው አዩ። "ጎረቤቴ ናት። አገርነሽ ትባላለች። ከወሎ መጥታ ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች፣ አሁን ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ልጄ፣ እሷ ቦታውን ስትይዘው ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረበትም። ከአባቴ ዛፍ ያፈላሁትን ችግኝ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚቆፈር በክንዴ ለክቼ ያሳየኋትም እኔ ነኝ። አሁን ነጋዴ ሲመጣ በእኔ በር አልፎ ወደ እሷ ይገባል። አምና በማኅበራችን ቀን አንድ ቅርጫት ማንጎ አመጣች። ካህናቱ በልተው 'የኔታ፣ ይኸ የእርስዎ ነው?' አሉኝ። 'የአገርነሽ ነው' ማለት ነበረብኝ። እንደዚያው አልኋቸው። የበላሁት ግን አልዋጥልኝ አለ።"

ስለ ዛፉ ሲያወሩ ጠንካራ የነበረው ድምፃቸው ይህን ሲናገሩ ሰለለ። እኔም ሰውየውን ከቤታቸው ያስወጣቸው የቅጠሉ ሕመም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

"ሐሙሲት ያለው ሰው ምን ያደርግልዎታል?"

"ማን እንዳደረገው አይቶ ይነግረኛል። ከዚያ ያደረገችውን በራሷ ላይ ይመልስባታል።"

"የኔታ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው?"

"አውቃለሁ። ደቀ መዛሙርቴን የምከለክለውን ነው የማደርገው። ከእንግዲህ ግን አልቻልሁም። ጧት ከቤቴ ስወጣ መጀመሪያ የማየው የእሷን ዛፍ ነው።"

ከቦርሳዬ አጉሊ መነጽር አወጣሁና አንዱን ቅጠል እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ነጩን ነጠብጣብ በጥፍሬ ጫፍ ገፋ አደረግሁት።

"ይመልከቱ፣ የአመዳይ በሽታ ቢሆን ኖሮ እንደ ዱቄት ጣቴ ላይ ይቀር ነበር። ይኸ ግን እንደ ድስት ክዳን ተነሣ። ከሥሩ ምን አለ?"

የኔታ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው መነጽሩን ቅጠሉ ላይ ደገኑ። መኪናው ይንገጫገጭ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። "ብጫ ነገር አለ" አሉ በመጨረሻ። "ሕይወት አለው እንዴ?"

"አለው። ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። ክብ ክዳን ያላት ሴቷ ናት፤ እነዚህ ሰብሰብ ብለው የተደረደሩት ቀጫጭኖች ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። የቅጠሉን ውሃ እየመጠጡ ይኖራሉ። የፍሬው ጠባሳም የእነሱ ሥራ ነው።"

"እንኪያስ መድኃኒት ለምን አልገደለውም? ገበያ ወጥቼ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ረጭቻለሁ።"

"ካደገ በኋላ በሰም ክዳን ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ መድኃኒቱ አያገኘውም። የሚሞተው ገና ሲፈለፈል ነው፤ ያኔ ክዳን የለውም፣ ቦታ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ይልቅ ከረጩ በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ዛፍዎ ላይ አይተው ያውቃሉ?"

ትንሽ አሰቡ። "አላየሁም። ድሮ ነበረች።"

"እሷ ይህን ተባይ የምትበላ ናት። የሞተችው እሷ ነች።"

የኔታ ግን ገና አላመኑም፤ ሐሙሲት ስንደርስ ከመኪናው እየወረዱ ዋናውን ጥያቄያቸውን አነሡ። "ያልሽው ሁሉ እውነት ነው እንበል። ነፍሳት አጥር አያውቅም። የእኔን ሲበላ የእሷን ለምን ይተዋል? ዛፉ የአንድ እናት ልጅ ነው።"

"ሳላይ ምን እላለሁ? ጉዳዬን ጨርሼ እስክመለስ ከጠበቁኝ አብረን ሄደን እናየዋለን" አልሁ።

አንድ ሻይ ቤት አስቀምጫቸው ሥራዬ ወዳለበት ችግኝ ጣቢያ ሄድሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ቅርንጫፉን እንደያዙ እዚያው አገኘኋቸው።

"ሰውየው ዘንድ አልሄዱም?"

"ተነሥቼ ነበር። ደጃፉ ስደርስ 'የእሷም ዛፍ ላይ ካለስ?' የሚል ሐሳብ ያዘኝና ተመለስሁ።"

"ቢኖርስ ምን ይሰማዎታል?"

"ደስ ይለኛል" አሉ። ወዲያው አንገታቸውን ደፉ። "አየሽ የደረስሁበትን? ሰባ ዓመቴ ነው።"

ተባዩ በነፋስም፣ በወፍም፣ በሰው እጅም እንደሚጓዝ ነገርኋቸው። ቅርንጫፉ ሰባት ቀበሌ ተሻግሮ መምጣቱ ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ የሻይ ቤቷን ባለቤት አስፈቅደን ምድጃ ውስጥ ከተትነውና ወደ የኔታ ሰፈር ተመለስን።

ወይዘሮ አገርነሽ ግቢያቸው ውስጥ የረገፈ ቅጠል እየለቀሙ ሳሉ ደረስንባቸው። አጠር ብለው ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው። የኔታን ሲያዩ ደነገጡ፤ ኋላ እንደነገሩኝ፣ የኔታ በዚያ በር ከገቡ ሁለት ዓመት አልፏል። እኔም ባለሙያ መሆኔን ተናግሬ ዛፎቹን ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ።

ዛፎቹ እንደተባለው ለምለም ነበሩ። ከአጥሩ ማዶ በሚታዩት የየኔታ ዛፎች መሐል ሰማይ አይታይም፤ የእነዚህ መሐል ግን ተከፍቶ ፀሐይ መሬት ድረስ ይገባል። ቁመታቸውም ሰው መሰላል ይዞ ጫፋቸውን የሚነካው ያህል ነው።

"ተባይ የለብዎትም?" አልሁ።

"ምን ማለትሽ ነው፣ ሞልቷል" አሉ አገርነሽ፣ ወዲያውም አንድ ቅጠል ገልብጠው አሳዩን። አራት ነጫጭ ነጥቦች ነበሩበት። "በየቅዳሜው እያየሁ የበዛበትን ቅጠል ቆርጬ አቃጥላለሁ። ፍሬው ሲያልቅ ቅርንጫፉን አሳሳለሁ። በጋ ላይ የተባዩ ልጆች ሲፈለፈሉ ሳሙናና ጥቂት ዘይት በውሃ በጥብጬ የቅጠሉን ላይና ሥር በጧት እረጫለሁ። የግብርና ባለሙያው ያሳየኝ ይኸንኑ ነው።"

የኔታ ቅጠሉን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ደስ ይለኛል ያሉት ነገር እጃቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አልነበረም። "ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"የኔታ፣ ነግሬዎታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በርዎ ላይ ቆሜ። 'አባቴ የተከለውን ዛፍ አልቆርጥም፤ የሚያፈራ መቁረጥ በረከትን መቁረጥ ነው' አሉኝ። 'ማሽን ያሳደገሽ ሴት ስለ ዛፍ ታስተምሪኝ?' ብለውም ጨመሩ።"

የኔታ አልካዱም። "ብያለሁ። መቁረጡ አሁንም ይከብደኛል" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"ጓሮዎ ጌሾ አለ?" አልኋቸው።

"አለ።"

"ካልተቆረጠ ምን ይሆናል?"

"ያረጃል። ቅጠሉም ይኮሰምናል" አሉና ከአጥሩ ማዶ ወዳሉት ዛፎቻቸው ተመለከቱ።

የማሳሳቱን ነገር አስረዳሁ። የታፈነ ዛፍ ውስጥ ጥላውና እርጥበቱ ተባዩን ያደላድለዋል፣ የሚረጨውም ውሃ ወደ ውስጥ አይደርስም፤ ቅርንጫፉ ሲሳሳ ግን አየርም ሰውም ይገባል። "አንድ ነገር ልጠይቅ" አልሁ ከዚያ አገርነሽን። "ተባዩ ድንገት በአንድ ጥግ የበዛበት ጊዜ ነበር?"

አገርነሽ ወደ አጥሩ አዩ። "ባለፈው ኅዳር እዚያ ጥግ ላይ የነጣ ቅርንጫፍ ተጥሎ አገኘሁ። በማለዳ ስላየሁት አቃጠልሁት። ከአጠገቡ ያለው ዛፍ ግን ተይዞ ነበር።"

የኔታ መቋሚያቸውን ወደ መሬት ተጭነው ቆሙ። "የጣልሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሦስት እቅፍ። የእኔ ከጠፋ የእሷም ይጥፋ ብዬ። ጧት ጧት እየወጣሁ ቅጠልሽ ነጥቶ እንደሆነ አይ ነበር። አልነጣ ሲለኝ መድኃኒተኛ ናት አልሁ። ዛሬም ላስረግምሽ ሐሙሲት ደርሼ ነው የመጣሁት።"

እኔ ከሁለቱ መካከል መቆሜ አሳፈረኝና ወደ ሐይቁ ዞርሁ።

"ሲጥሉ አይቼዎታለሁ" አሉ አገርነሽ። "ቅጠል ልጠርግ ወጥቼ ነበር። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ለሽማግሌ ልናገር ነበር። ከዚያ ዛፎቹን ሳይ የእርስዎ ናቸው። ባዶ እጄን ስመጣ ችግኝ ይዘው የገቡት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ተውሁት። ይቅርታ አላደረግሁም፣ ተውሁት ብቻ።"

"አሁንስ?"

"አሁን መጋዝ አለኝ። ፍሬው ይለቅና እንጀምራለን።"

የኔታ ተጎንብሰው መሬት ሊስሙ ሲሉ አገርነሽ ክንዳቸውን ይዘው አቆሟቸው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የኔታ ደውለውልኝ ሄድሁ። የሰፈሩ ዘጠኝ ቤተሰብ በወንፈል ተራ በተራ እየተጋገዘ የሁሉንም ዛፍ በአንድ ሳምንት አሳሳ። እንዲህ እንዲሆን የመከርሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ አጽድቶ ሌላው ከተወው ነፋስ መልሶ ያመጣዋልና። የኔታ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን የት እንደሚቆረጥ ለሌላው ማሳየት ጀመሩ። የተቆረጠው ሁሉ እዚያው ተቃጠለ። መርዝ የረጨ አልነበረም።

ዘንድሮ ተመልሼ አየሁት። ተባዩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይጠፋል ብሎ ተስፋ የሚሰጥም ዋሽቷል። ነገር ግን ቅጠሉ አይረግፍም፣ የሰፈሩ ፍሬ በአብዛኛው ጠባሳ የለውም፣ ቀይዋ ጥንዚዛ ተመልሳለች፣ ልጆች መርዝ የነካው ማንጎ አይበሉም፣ ዛፉም አጥሮ ፍሬው ሳይፈርጥ በእጅ ይለቀማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን ከመጠርጠሩ በፊት ቅጠል ገልብጦ ማየት ለምዷል።

የኔታ አምሐን ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና "ቅናቱስ ለቀቀዎት?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አልለቀቀኝም" አሉ። "ዘንድሮም የእሷ ይበልጣል። ጧት ሳየው ያመኛል። ልዩነቱ፣ ሲያመኝ ሄጄ በሯን አንኳኳና 'ምን አድርገሽ ነው?' እላታለሁ። ትነግረኛለች።"