መርዝ ዕድሜ አይመርጥም

ክቡራትና ክቡራን፣ የእንስሳት ክሊኒካችን ባልደረቦች፣ ከሞጣ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ሣህለ ማርያም ጥሬ ሥጋውን ሳልነካ ቢያየኝ «ዶክተር፣ ጡረታ ሲወጡ ጾም ገቡ ወይ?» ብሎኛል። አይደለም ልጄ። የባልቴት አንጀት ነው፤ በሽታ የሚመልሱት ዘበኞቹ ደክመዋል። ነገሩን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ደም ሲፈስ ቆሜ አይቼ ነው።

ከግንደወይን መንገድ ገባ ባለች ቀበሌ ሀብተ ሥላሴ የሚባል ገበሬ ነበር። ውሾቹን የደም ተቅማጥ ያዘበት። ያረጀው ጠባቂውና ቡችሎቹ ሞቱ። ከጎረቤቱ ከወልደ ኪዳን ጋር በእርሻ ድንበር ይካሰሱ ነበርና፣ ውሾቼን በመርዝ የፈጀው ቀጥሎ እኔን ሊገድል ነው አለ።

እኔና አብዱራዛቅ ከብት ልንከትብ ስንደርስ ኡኡታ ሰማን። አብዱራዛቅ ይኸው ተቀምጧል፤ ከዋሸሁ ያርመኝ። ወልደ ኪዳን በመጥረቢያ ተመትቶ ማሳው ላይ ወድቋል። ግንባሩ ተሰንጥቆ ግራ ዓይኑ ደም ሞልቶታል። ሀብተ ሥላሴ «ውሾቼን በመርዝ ፈጀሃቸው!» እያለ ሊደግመው ሲሰነዝር አብዱራዛቅ መሀል ገባ። እጀታው ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ በኩል ደግሞ የወልደ ኪዳን ወንድም ጠመንጃውን አቀባብሎ ይሮጣል።

እኔ ምን አለኝ? የክትባት ሳጥን ብቻ። ሁለቱ መካከል ቆሜ ሀብተ ሥላሴን «የትኞቹ ውሾች ሞቱ?» አልኩት።

ያበድኩ መሰለው። «ሽማግሌውና ቡችሎቹ» አለ።

«እናታቸውስ?»

«ታማ ዳነች።»

«ከአንድ ገበታ አይደለም የሚበሉት?»

«ከአንድ ነው።»

«ታዲያ መርዝ ዕድሜ ይመርጣል ወይ?»

ባለ ጠመንጃውም ቆመ። ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ቡችላ ከእናቱ ጡት ያገኘው መከላከያ ሲያልቅ የራሱ ገና አይደርስለትም። ያረጀ ውሻ አንጀት ደግሞ ድሮ ይመልሰው የነበረውን በሽታ መመለስ ያቅተዋል። ጎልማሳዋ መሀል ላይ ስላለች ተቋቋመችው። ያላመኑኝ መሰለኝ፤ ጎረቤቶች የወልደ ኪዳንን ግንባር በነጠላ ሲያስሩ፣ ጠዋት የሞተውን ቡችላ ሬሳ አስመጥቼ እዚያው ሆዱን ቀደድኩት። አንጀቱ ከውስጥ ተልጦ ደም ብቻ ሆኗል፤ «ይህ የበሽታው ሥራ ነው» አልኳቸው። ሀብተ ሥላሴንም ቤቱ የቀሩትን ውሾች ለይቶ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት።

የጠመንጃው አፈሙዝ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ሀብተ ሥላሴ የሰውየው ደም ላይ ቁጭ አለና «በከንቱ ገደልኩት» አለ።

ወልደ ኪዳን አልሞተም፤ ዓይኑ ግን ጠፋ። ሀብተ ሥላሴ ታሰረ። ደም እንዳይመላለስ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁ፤ ሆኖም ሁለቱ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ አንገታቸውን ያዞራሉ። አብዱራዛቅን ክንዱ ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዘዋል።

በኋላ ወልደ ኪዳን ሊጠይቀኝ መጥቶ «ዶክተር፣ እውነቱን ይዘው የደረሱት ዓይኔ ከፈሰሰ በኋላ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀድሞ መድረስ ይቻል ነበር።

የሀብተ ሥላሴ ሚስት ፈንታነሽ የመጀመሪያው ቡችላ ሲታመም ገበያ ላይ ያገኘችውን አንድ የእንስሳት ባለሙያ ጠይቃው ነበር። ማን እንደሆነ አላወቀችም። «ውሻ ነው፤ ሌላ ታገኛለሽ» ብሎ አለፋት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደጃችሁ ቆሞ ስለ ውሻ የሚጠይቃችሁ ሰው ቤቱ ውስጥ ምን ስለት እንደ ተሳለ አታውቁም። ሂዱለት። መጥረቢያው ሳይነሳ ድረሱለት።

አብዱራዛቅ፣ አላህ ክንድህን ያጽናልህ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ወላጆቻችሁ በጤና ያርጁ። ከምትገቡበት ደጅ ሁሉ ሰው ሳይሞት ውጡ። አሜን በሉኝ፤ ልሂድ።