መሣሪያው ሳይጮህ

ክቡራትና ክቡራን፤ እንዲህ ብዬ ስጠራችሁ ለራሴም ሳቄ ይመጣል። ትናንት እኮ «ይቺን አልጋ ማነው እንዲህ ያነጠፋት?» እያልኩ ስጮህባችሁ ነበር። ዛሬ ግን አምራችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ ስለጠበቃችሁኝ ማዕረጋችሁን ልስጣችሁ።

የልብ ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ስላሰናዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩን ይዛችሁ የመጣችሁ የጽዳት እህቶቼም ተባረኩ። ስኳር የከለከልኳችሁ ሰዎች ፊቴ ቆማችሁ ስትበሉ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ዛሬን ብቻ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠራሁ። እኔ ስጀምር ልቡን የታመመ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛ ነበር። አትነሳ፣ አትገላበጥ እንለዋለን። መድኃኒቱ ጥቂት፣ የምናውቀውም ጥቂት ነበር። ስንቱን በእጄ ላይ ሸኘሁት! ዛሬ ሐኪሞቻችን በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተደፈነውን የልብ ደም ሥር ይከፍቱታል፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ጫማውን አጥልቆ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ለማየት መብቃቴ ዕድለኛ ያደርገኛል።

ታዲያ ምን ጎደለሽ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ሳምንት የተኛን ሰው የልጆቹን ስም ሳይቀር እናውቅ ነበር። የሦስት ቀኑን የምናውቀው በአልጋ ቁጥሩ ነው። ወደ ድሮው እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ጨዋታው እንዲደምቅ ሰው ይሙት የምትል ነርስ የለችም። ግን ነገሩ ይከነክነኛል።

ከአራት ዓመት በፊት ያ የክንድ መሣሪያ መጣ። በሽተኛው ቤቱ ሆኖ ክንዱ ላይ ያስረዋል፣ የልቡ ምት እዚህ ጠረጴዛችን ላይ ባለው ስክሪን ይታያል። ነገር ሲዛባ ስክሪናችን ይጮሃል፣ እኛም እንደውላለን። ሥራውን እንድመራ ለእኔ ሰጣችሁኝ። ብዙ ሰው ሳይወድቅ ደርሰንለታል፤ ስለዚህ መሣሪያውን የሚያማ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ሩቅ አገር ነች። የእሳቸው መሣሪያ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይጮሃል፤ ስክሪኑ ላይ ምታቸው ጥፍት ይላል። ደንግጬ ስደውል፣ «አለሁ ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ምን እንደነካው እንጃ። ለመሆኑ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ድመት፣ ጀምረው ስለተዉት ኮት ያጫውቱኛል። ስልኩን ስዘጋ መዝገቡ ላይ «የመሣሪያ ብልሽት» ብዬ እጽፋለሁ።

ቴክኒሻን ላክን፤ ማሰሪያውን ቀየረ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። መሣሪያውን ራሱን ቀየርነው፤ ጮኸ። ሦስተኛ ሰጠናቸው። ትዝ ይላችኋል አይደል፣ ስብሰባ ተቀምጠን ስለ ባትሪው፣ ስለ ኔትዎርኩ፣ አልፎ ተርፎም ስለ ሽማግሌው ቆዳ ድርቀት ስንከራከር? ይህን ሁሉ ፊደል ቆጥረን፣ ሰውየው ራሳቸው እያወለቁት ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ዛሬ ልናገረው። ስደውል ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሳያበቃ ያነሱታል፤ ልቡ የታወከበት ሰው ስልክ ታቅፎ አይቀመጥም። ዝም ያልኩት ለእሳቸው አዝኜ ብቻ አይደለም። ባለቤቴን ከቀበርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። እናንተም እንዴት አደርሽ ትሉኛላችሁ፣ ግን እየሮጣችሁ ነው። እሳቸው መልሴን ይጠብቁ ነበር።

ኋላ አዲስ ፕሮግራም መጣ። መሣሪያው ሲወልቅና ልብ ሲቆም ለይቶ ያውቃል፤ ከወለቀ እኛን ሳይረብሽ ለበሽተኛው ስልክ የጽሑፍ መልእክት ይልካል። በማን ይጀመር ስባል መጀመሪያ የጻፍኩት የእሳቸውን ስም ነው። የምከታተለው ሰው መቶ ሃያ ደርሶ ነበር፣ ሪፖርቴም እንዲያምርልኝ ፈለግሁ። አራት ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። ሳይጮህ ምን ብዬ ልደውል? ደንቡ አይልማ።

ከሦስት ወር በኋላ መሣሪያውን በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ጤነኛ አደረገኝ፤ ማንም አይደውልልኝም። ለሚያስፈልገው ስጪው» አሉኝ፣ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቢያወልቁት አደጋ እንዳለው ነገርኳቸው፣ እንደ ደንቡ አስፈረምኳቸው፣ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። እንዴት ከረሙ እንኳ አላልኳቸውም።

በስድስተኛው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ጎረቤታቸው ነበረች፤ ከቀበርናቸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ አለችኝ። መሣሪያው ክንዳቸው ላይ ቢኖር እንደርስላቸው ነበር ወይ ብዬ ዶክተርን ጠየቅሁ። «ምናልባት» አሉኝ። ይቺን «ምናልባት» ይዤ ነው የምወጣው።

አሁን ደግሞ አብዛኞቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ስመረመር የእኔም ልብ ምቱን ማዛባት መጀመሩ ታወቀ። ከሰኞ ጀምሮ ያንኑ መሣሪያ አስራለሁ። ልጄ ባሕር ማዶ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ እሱም ሲመቸው። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። የሰው ድምፅ እንዳይጠፋብኝ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ እተወዋለሁ። ሥራ እያለኝ ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ያፍራል ሰው።

ስክሪኑ ላይ የልቤ መስመር ሲዛባ ካያችሁ እንደምትሮጡልኝ አውቃለሁ፤ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። የምፈራው ደህና መስዬ የምታይባቸውን ቀኖች ነው። ዶክተር፣ መሣሪያው ባይጮህም እያንዳንዱ በሽተኛ በሳምንት አንድ ቀን ይደወልለት ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። የሰው ኃይል የለም አሉኝ፣ እውነትዎን ነው። ዛሬ በሰው ፊት ሦስተኛውን አቀረብኩ። በጡረታ የምትወጣን ሴት እንቢ ማለት ይከብዳል ብዬ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ በክፉ አይቻችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። እጃችሁ የነካው ይዳን። የምትመራመሩት ይግለጥላችሁ፣ ልጆቻችሁም በሽታ በስሙ ብቻ የሚታወቅበትን ዘመን ይዩ። ስታረጁ ጠያቂ አያሳጣችሁ።

እኔንም ጠይቁኝ።