መርዶ በኳስ ሜዳ ላይ

በኛ ጊዜ መርዶ በእግሩ ነበር የሚሄድ። ሰው ሞተ ሲባል ጎረቤት ይሰበሰብና ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ በር ይንኳኳል፣ በሩን የከፈተው ሰው ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ይገባዋል፣ ሲወድቅ ደግሞ የሚይዘው አያጣም። ብቻውን አይሰማም፣ ቁም ነገሩ ይሄ ነው። አሁንማ በስልክ ሆነ። ሰውየው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲከፍት የገዛ እናቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ያያታል። እኔ ይሄን አልወድም። አልወድም አልኩሽ፣ በቃ።

የዘባረቅሁ እንዳይመስልሽ፣ ስለ ሜዳው ልጽፍ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ያ ሰፈራችን ኪዋቱሌ ያለው፣ ከቤቴ ወረድ ብሎ፣ ጥጉ ላይ የማንጎ ዛፍ የቆመበት። “ምን ይጠቅማል?” ነው ያልሽኝ? እሺ። ጠዋት ላም ይግጥበታል፣ ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል፣ ከሰዓት በኋላ ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሠርግ ያለበት ድንኳን ይተክልበታል፣ እሁድ እሁድ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ነጂዎቹ ሞተራቸውን ዳር ላይ ደርድረው ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ደግሞ ማንጎው ሥር ሮሌክሴን፣ ያቺን በቻፓቲ የተጠቀለለች እንቁላል፣ እየበላሁ አያለሁ። ለምን መጣህ የሚልሽ የለም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ ታውቂያለሽ፣ እና ሜዳው ቀኑን ያስመሽልኛል። ከዚህ በላይ አላጋንንልሽም፣ ሜዳ ነው።

ታዲያ አንዲት ልጅ አለች፣ ትዕግስት የምትባል፣ የደሴ ልጅ፣ ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ። አንድ አርብ ማታ ወንድሟ ከደሴ ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ እናታችን ዐርፋለች። ቀበርናት። ትዕግስት ብቻዋን እንዳትሰማ፣ እባክዎን አርዱልኝ።”

“እግዜር ያጥናህ ልጄ፣ ለኛ ተወው” አልኩት። አልኩት እንጂ፣ የት ነው የምናረዳት? ቤቷ እንዳንሄድ፣ አከራይዋ አለች፣ ማማ ሮዝ የምትባል፣ ግቢዋ ውስጥ አንድ አንድ ክፍል በረድፍ ሠርታ የምታከራይ። ከዚህ በፊት አንዱን የኛን ሰው እዚያው ግቢ በማለዳ አርድተነው ነበር፣ እና ሴቶቹ እዬዬ ሲሉ ማማ ሮዝ በሌሊት ልብሷ ወጣች። “ምንድነው ይሄ! ሕፃን አለ፣ ሌሊት ሠርታ የተኛች ነርስ አለች! ዳግመኛ እንዲህ የተጮኸበትን ክፍል አስለቅቃለሁ!” አለች። እኔ አልፈርድባትም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ “ይማርህ” የምትይበት ዓይነት። ግን ትዕግስትን ቤቷ ሄደን ብናረዳት ከእናቷ ጋር ቤቷንም ልታጣ ነው። የኔ ክፍል ደግሞ አልጋና ወንበር ይዟት ሞልታለች። ቤተ ክርስቲያን እንውሰዳት ቢባል ከተማውን ማቋረጥ ነው፣ ምን ሆነን ነው ስትል መንገድ ላይ ልታውቀው ነው።

“ሜዳው ላይ እናርዳት” አልኩ።

ወይዘሮ አሰገደች፣ የእድራችን ዋና አስለቃሽ፣ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። “ሜዳ ላይ! መርዶ! ከላም ጋር!”

“ላሟ ምን አደረገችሽ? ቤት ልቀቂ አትልሽም።”

“በኋላ ደሴ ቢሰማ ምን ይሉናል?”

“ደሴ ያለው ሰው ቤት አለው፣ አሰገደች። እኛ ክፍል ነው ያለን” አልኳት። 

ታዲያ ተመካከርን። ሰናይት፣ የትዕግስት የሱቅ ጓደኛ፣ “ስልኬ ወድቆ ተሰበረ፣ እስከ እሁድ አውሺኝ” ብላ ስልኳን ወሰደችባት። ትዕግስት ደግሞ “እሁድ ጠዋት የእድር ስብሰባ አለ፣ ማንጎው ሥር” ተባለች። እኔም ሁሉንም አስጠነቀቅሁ፦ በተራ ልብስ ኑ፣ ነጠላ እንዳታዘቀዝቁ፣ ልጅቷ መጥታ ከመሃላችን ሳትቀመጥ ምንም እንዳታውቅ።

እሁድ ሆነ። የኪዋቱሌ ቦዳ ነጂዎች ከሌላ ሰፈር ከመጡ ጋር ይጫወታሉ፣ አቧራው፣ ጩኸቱ! እኛ ማንጎው ሥር ተሰብስበናል፣ እና አሰገደች መጣች። ምን ለብሳ? ከላይ እስከ ታች ጥቁር! ነጠላዋን አዘቅዝቃ!

“ምነው አሰገደች፣ ምን ተባብለን ነበር?”

“ሰው ሞቶ በቀይ ሹራብ ልምጣ እንዴ?” አለችኝ። ሰውነቷ እምቢ ብሏት ነው፣ ዕድሜ ልኳን ለቅሶ እንዲያ ነው የሄደችው።

ይሄን ስንጨቃጨቅ ትዕግስት ከሰናይት ጋር በወዲያኛው በኩል ብቅ አለች። መሃላችን ሜዳው አለ፣ ጨዋታው አለ። አሰገደችን አየቻት። ያቺን ነጠላ አየቻት። እና ቆመች።

“ማነው?” ብላ ጮኸች ከማዶ። “ማነው የሞተው?”

 አየሽ፣ መርዶ በጩኸት አይነገርም፣ ቀርበሽ ነው የሚነገረው። ልጅቷ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ዙሪያውን ልሂድ ብል እኔ እስክደርስ ምን ትሁን? ታዲያ ከዘራዬን ያዝኩና ሜዳው ውስጥ ገባሁ። በመሃል! ኳሷ በጆሮዬ በኩል ሽው አለች፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ “ሙዜ! ሙዜ፣ ውጣ! አብደሃል?” ይሉኛል፣ ሙዜ ሽማግሌው ማለታቸው ነው፣ ግማሾቹ ይስቃሉ። እኔ አልሰማም፣ ዓይኔ እሷ ላይ ነው፣ እሷም ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም፣ ያን ያህል የረዘመ ሜዳ አላየሁም።

ደረስኩ። “ልጄ፣ እናትሽ ዐርፋለች” አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ወደቀች። በአንድ በኩል ሰናይት ያዘቻት፣ በአንድ በኩል እኔ፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሦስታችንም ልንወድቅ ስንል ከኋላ ሁለት ትልልቅ እጆች ደገፉን። በረኛው ነው፣ ጓንቱን እንዳደረገ።

ካቶ፣ የኛ ሰፈር ልጆች አምበል፣ እየሮጠ መጣ። “ሙዜ፣ ምን ሆነች?”

“እናቷ ሞታለች።”

ኳሷን አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተታትና በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ አንድ ነገር ጮኸ፣ ሁሉም ባሉበት ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከእንግዶቹ አንዱ “እየመራን እኮ ነው!” ቢል ካቶ ዞር ብሎ አየውና እሱም ተቀመጠ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ እጇን እየያዙ “ኪታሎ ንዮ” አሏት፣ በነሱ ቋንቋ ማጽናኛ ነው። አሰገደችም ደረሰች፣ እና እንዴት አስለቀሰች! ትዕግስት እንደልቧ ጮኸች፣ “እማምዬ! እማምዬ!” እያለች ደረቷን መታች፣ ዝም በይ የሚላት የለም፣ ሰማዩ ሰፊ ነው።

ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ከየቤቱ ሰሌን ይዘው ወጡ። ከነሱ መሃል ማን አለች? ማማ ሮዝ! አለቀልን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ሰሌኗን ዘረጋች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የትዕግስትን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ እኩለ ቀን አልተነሳችም። በኋላ ጠጋ ብዬ “ለቅሶ አልወድም ብለሽ አልነበር?” ብላት፣ ምን አለችኝ? “ሙዜ፣ እዚያ አከራይ ነኝ። እዚህ ጎረቤት ነኝ።”

እኔ አላለቀስኩም፣ ለቅሶ አይሆንልኝም። ግን ልቤ ረካ። ያቺ ልጅ ብቻዋን አልሰማችም፣ ቤቷንም አላጣችም። ሜዳው ምን ይጠቅማል ላልሽው ይሄን ጻፊ፣ ላሟንም አትርሺ።

ምን አልሽኝ? “እርስዎስ ያረፉ ቀን ማንን ነው የምናረዳው?” ሃሃ! ደፋር ነሽ አንቺ! ቆይ፣ ላስብበት።

ለካቶ ንገሩት። ብቻውን እንዳይሰማ ታዲያ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ። እሁድ ከሆነ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ሁለቴ ካቋረጥኩባቸው አይምሩኝም። ሃሃሃ!